የዘርሁን ጨጓራና የጀሶው ወሬ

የቡራዩው ኮርኒስ ሠሪ ዘርሁን ጀሶ እየጠጣ ጨጓራውን ለስኖ ዳነ ተባለ። ወሬው ከቡራዩ ሲነሳ ጀሶው አንድ ማንኪያ ነበር። ሰበታ ሲደርስ አንድ ባልዲ ሆነ። ሱሉልታ ሲገባማ የሰውዬው ሆድ ሲንኳኳ እንደ ግድግዳ ይጮኻል ተባለ። ማኪያቷቸውን አስቀምጠው «ታዲያ ምግቡ በየት በኩል ያልፋል?» ያሉ ተጠራጣሪዎችም ነበሩ።

የነገሩ መነሻ ትከሻው ነው። ዘርሁን ከወላይታ ከመጣ ጀምሮ ሃያ ዓመት አንጋጦ የቡራዩን ኮርኒስ ሁሉ ሲያነጣ ትከሻው አመፀበት። እሱም በየማለዳው የህመም ማስታገሻ በባዶ ሆዱ እየዋጠ መወጣጫው ላይ ይሰቀላል። የተበጠበጠ ጀሶ ቶሎ ስለሚደርቅ ቁርስ ብሎ ነገር አያውቅም። በመጨረሻ ጨጓራው እንደ ሚስማር አጠፈው፤ ኮርኒስ ሲያይ የኖረ ሰው የገዛ ጫማውን ሲያይ ይውል ጀመር። ልጁ ማርቲ የምትዳርበትን የጸሎት ቤት አዳራሽ ኮርኒስ ደግሞ ማንም እንዳይነካብኝ፣ በእጄ እሠራዋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ለሠርጉ የቀረው ስድስት ሳምንት ነው።

ጤና ጣቢያ መረመሩት። ማስታገሻውን እንዲያቆም ነግረው ነጭ ሽሮፕ አዘዙለት። ዘርሁን ፋርማሲ ውስጥ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ በባለሙያ ዓይን መረመረው።

«ይኼ ልስን ነው?» አላት ፋርማሲስቷን ሳሊሃን።

«አይደለም። አሲዱን ያበርዳል። የጨጓራው ሽፋን ራሱን እንዲጠግን ሊያግዝም ይችላል ይባላል። ጠጋኙ ግን የራስዎ ገላ ነው፤ እርስዎ ብቻ ክኒኑን ይተዉለት፣ ቁርስም ይብሉ።»

ይህን ለመረዳት ዘርሁን ሐኪም መሆን አላስፈለገውም። እርጥብ ልስን ላይ ውሃ የሚረጭ ሰው ካልተከለከለ ግድግዳ አይጠናም። አሲዱ ረጪው፣ ክኒኑ ፋቂው፣ ሽሮፑ ደግሞ ዘበኛው መሆኑ ነው።

ጠርሙሱ ላይ «ከመጠጣትዎ በፊት ይነቅንቁ» ይላል። ሲበጠብጥ ለኖረ ሰው ይህ ምክር አይደለም፣ ሙያው ነው። መወጣጫው ላይ ቆሞ ሲነቀንቅ የጎረቤት ውሾች ሰፈር ለቀቁ። ከዚያ በማንኪያ ቀድቶ ይጠጣል። እጁ ነጭ፣ ከንፈሩ ነጭ፣ እግሩ ሥር የጀሶ ባልዲ። ከታች ያንጋጠጡት የቀን ሠራተኞች ያዩት ይህንኑ ነው፤ የቀረውን ታክሲ አደረሰው።

በአራተኛው ሳምንት ዘርሁን እንደ ቋሚ ብረት ቀጥ አለ። በስድስተኛው ኮርኒሱ አለቀ። ከመንጣቱ የተነሳ ማርቲ ቬሎዋን አየት፣ ኮርኒሱን አየት አድርጋ ልብሱን እንደገና ላውንደሪ ልትልከው ምንም አልቀራት።

በሠርጉ ቀን አባትየው ሦስተኛ ሳህኑን ሲያነሳ ጎረቤቱ ኦቦ ባይሳ ባዶ ኩባያ ይዘው መጡ። እሳቸውም የጨጓራ ሰው ናቸው።

«ዘርሁን፣ አካም ጅርታ። እስቲ ትንሽ ቅዳልኝ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሲሚንቶ ግን እንዳይገባበት።»

ዘርሁን ሳቁ መጥቶ ነበር፤ የሽማግሌው ዓይን የምር መሆኑን ሲያይ ዋጠው። ኩባያውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ሰኞ ጠዋት ራሱ ጤና ጣቢያ ሊወስዳቸው ቃል ገባላቸው። ከዚያ ሱሉልታ ድረስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ኦቦ ባይሳ፣ እኔ ጀሶ ጠጥቼ አላውቅም። ባልዲም አልጠጣሁ፣ ማንኪያም አልቀመስኩ፣ ሆዴም አይጮኽም። የጠጣሁት የፋርማሲ ሽሮፕ ነው። ጀሶው በሙሉ ያውልዎት፣ እላይ።»