አማቴ የቆጠሩብኝ ወር

የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ማቆሜን የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የወሰድኩት እሱ ሱቁ እስኪቆምለት እንድንጠብቅ ስለፈለገ ነበር፤ አጠና ተራ አካባቢ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል። በየወሩ ከፋርማሲ ገዝቶ የሚያመጣልኝም ራሱ ነው። ሱቁ ቆመለት፤ እኔም ኪኒኑን አቆምኩ።

የምንኖረው ኮልፌ፣ እናቱ ግቢ ውስጥ በተሠራች ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አማቴ ከተጋባን ጀምሮ ሆዴን ሳያዩ ፊቴን አይተው አያውቁም። ጠዋት እንዴት አደሩ ስላቸው እንኳ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ፔሬዴ አንድ ጊዜ መጣና ጠፋ። ኪኒን ስወስድ ቀኑን ስቶ አያውቅም ነበር። ሠላሳ ቀን አለፈ፣ አርባ፣ ሃምሳ። መመርመሪያ ገዝቼ ሁለቴ ሞከርኩ፤ ሁለቴም አንድ መስመር። ለባለቤቴ ስነግረው ስልኩን እየነካካ ይመጣል አለኝ። ልጁ ይሁን ደሙ አልገባኝም፤ አልጠየቅኩትምም።

ለካ አማቴም ይቆጥራሉ። የግቢውን ቆሻሻ ለሰብሳቢዎቹ የሚያስረክቡት እሳቸው ስለሆኑ የኔን ፌስታል እየፈቱ ሞዴስ ይፈልጉ ነበር። ሁለት ወር ሲያጡ ለእድር ሴቶች ማርገዜን አበሰሩ። እኔ የሰማሁት ፌርማታ ላይ አንዲት ጎረቤት አቅፋ ስትስመኝ ነው። አላረገዝኩም ብላት፣ የሰው ዓይን ፈርተሽ ነው ብላ ሳቀች።

በስልሳ ስድስተኛው ቀን ደሙ መጣ። ብዙ ነበር፤ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። አማቴ ፌስታሉን ፈትተው አዩ። ከዚያም እኔ ሻወር ቤት ሳለሁ ክፍሌ ገብተው መሳቢያዬን በረበሩ። ስወጣ ግማሹ ያለቀ አሮጌ የኪኒን ማሸጊያ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ባለቤቴ ለምሳ መጥቶ ከኋላቸው ነበር።

«የልጄን ልጅ በዚህ ነው የገደልሽው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይጨምሩ።

ባለቤቴን አየሁት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሱ ጫማውን ያያል።

«የተገደለ ልጅ የለም» አልኳቸው። «ኪኒኑን ማን ይገዛልኝ እንደነበር ደግሞ ልጅዎን ይጠይቁት።»

ጠየቁት።

«እሷም ተስማምታ ነው» አለ።

ዋሸ አልልም፤ ተስማምቼ ነበር። ግን እንደዚያ ሲፈረድብኝ ከአፉ የወጣው ይሄ ብቻ ነው። አማቴ ማሸጊያውን መሬት ላይ ጥለው፣ ሴት ካልወደደች ወንድ ያቀበላትን ሁሉ አትውጥም ብለውኝ ወጡ።

በማግስቱ ብቻዬን ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሯ በአልትራሳውንድ አየችኝ፣ ደም አስመረመረችኝ፤ ክፉ ነገር አላገኘችም። ኪኒን ከቆመ በኋላ አንዳንድ ሴት ላይ ወሩ እስኪስተካከል ጊዜ እንደሚወስድ ነገረችኝ። ቀኑን እየጻፍኩ እንድጠብቅ፣ ሳላረግዝ ዓመት ካለፈ ከባለቤቴ ጋር እንድመጣ አለችኝ። ቤት ስገባ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ ያልኩት፣ ወይ ዓለም ባንክ ሰፈር ቤት እንከራያለን፣ ወይ እኔ ብቻዬን እከራያለሁ ነው። ሦስት ሳምንት አኮረፈኝ። ከዚያ ዕቃ የሚጭን መኪና ይዞ መጣ።

አዲሱ ቤት ከገባን በኋላ ደሙ በአርባ አንድ ቀኑ መጣ፤ ቀጥሎ በሠላሳ ስድስት፣ ከዚያ በሠላሳ ሁለት። እየተኳረፍንም አብረን እንተኛ ነበር። ኪኒኑን ካቆምኩ በአሥራ አንደኛው ወር ሁለት መስመር አየሁ። ለባለቤቴ የነገርኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ለእናቱ እንዳይናገር አስምዬው ነው። አማቴ አምስት ወር ሲሞላኝ ከሰው አፍ ሰሙ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ መጥተው ገንፎ አገነፉ፣ አጠቡኝ፣ ቤቱን ጠረጉ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ሕፃኗን ታቅፈው ብዙ ካዩዋት በኋላ «እኔን ትመስላለች» አሉ። እውነትም ትመስላቸዋለች። እስካሁን ያናድደኛል።