ሦስቱ ድንቾች

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በሬ ስጠምድ የገዛ ድምፄ ያስጠላኛል።

አሰላ ለሕፃናት አስተማሪነት የምትማረው ታላቋ ልጄ ሰናይት ወደ እኛ ወደ በቆጂ መጥታ፣ "አባባ፣ ማርታ ትምህርት ቤት አፏን አትከፍትም አሉ። እስቲ ልያት" አለችኝ። ማርታ የመጨረሻዋ ናት፤ ገና አምስት ዓመቷ ነው።

ጓሮ ስንደርስ ማርታ ከአጥሩ ወዲያ ድንች እየደረደረች ለብቻዋ ታወራለች።

"እብድ ናት እንዴ?" ብዬ ልቆጣ ስል ሰናይት ክንዴን ያዘችኝ።

"ይተዉአት! ልጅ ለራሱ እያወራ ነው ማሰብ የሚለምደው። የሚያወራውም ከትልልቆቹ የሰማውን ነው።"

"ከእኔ ምን ትሰማለች? እኔ የማወራው ከበሬዎቼ ጋር ነው" አልኳት። ሳቀች።

ማርታ ሁለት ትልልቅ ድንቾች በእንጨት ጠምዳለች። "አይዞህ ቦራ! ደከመህ የኔ ጌታ?" ትላለች፣ ልክ እኔ በሬዬን ቦራን እንደማባብለው።

"ይኸው ትናገር የለም!" አልኩ፤ ደስ ብሎኝ።

ማርታ አንዲት ትንሽ ድንች አነሳች። "ይቺ እኔ ነኝ" አለች። ከዚያም ድምፅዋን አቅጥና፣ "አባባ፣ እኔም ልንዳ?" አሰኘቻት።

ወዲያው ድምፅዋን አወፈረች። "አንቺ ዝም በይ!"

ትንሿን ድንች ወደ አጥሩ አዙራ አስቀመጠቻትና ወደ በሬዎቿ ተመለሰች።

ሰናይት ክንዴን ለቀቀችው።