ፍሬኑ ይይዛል

የፍሬን ዘይት ክዳን በከፈትኩ ቁጥር ያ ሽታ ይመጣብኛል፤ እሳት አጠገብ ቆይቶ የሞቀ የጉሎ ዘይት የሚመስል፣ ጣፋጭ ነገር ያለበት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። ሌላው ሰው ያደገበትን ቤት በወጥ ሽታ ያስታውስ ይሆናል። እኔ የማስታውሰው በዚህና በጨው በታሸ ጥሬ ቆዳ ሽታ ነው፤ አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ቆዳ ነጋዴ ነበር፣ ቆዳውና ሞተር ሳይክሉም እኛ ከምንተኛበት ክፍል በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይተው ያድሩ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ አሳምሬ አልጽፍም። የሆነውን ግን አውቀዋለሁ።

ሞተሯ ቤታችን የገባችው በክረምት ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ አባቴ ገዝቷት፣ ከታላቅ ወንድሜ ከይርጋ ጋር በጭቃ እየገፉ አመጧት። ጎረቤታችን አያ ፈንቴ አጥሩን ተደግፈው ሲያዩ ቆይተው፣ «ይህች በቅሎ ገብስ አለመብላቷ ደግ ነው፤ ስትደነብር ግን በምን ትይዛታለህ?» አሉት። አባቴ አልሳቀም። «ፍሬን አላት» አለ።

ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው ይርጋ ክረምቱን ሙሉ ሞተሯን ሲፈታና ሲገጥም ይውል ነበር። ከመኪና መካኒኮች ጋር እየዋለ ብዙ ነገር ለቅሞ ነበር፣ የለቀመውን ደግሞ ለእኔና ለእናቴ ካላስረዳ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። መሪው ላይ፣ ከፍሬኑ እጀታ አጠገብ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ የማትሞላ የዘይት ቋት አለች፤ ጎኗ ላይ ያለው ክብ መስታወት ዘይቱ የት እንደደረሰ ያሳያል። ክዳኑ ሲነሳ ከሥሩ ተጣጥፎ የተቀመጠ ስስ ጎማ ይገኛል። «ዘይቱ ሲጎድል ይህ ጎማ እየተዘረጋ አብሮት ይወርዳል» ይለን ነበር ይርጋ፣ «አየሩ ከጎማው በላይ ይቀራል፣ ዘይቱን አይነካውም።» እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱ በቱቦው ተገፍቶ ይወርድና የፍሬን ሸራዎቹን ከፊት ጎማው ዲስክ ጋር ያጣብቃል። «አባባን የሚያቆማቸው ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።» እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታዳምጠው ነበር። አንድም ቃል አላመለጣትም፤ ምነው ባመለጣት።

የክዳኑ ብሎኖች አንዱ ተሰብሮ፣ ሌላው ጥርሱ አልቆ ስለነበር ይርጋ ክዳኑን ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጠፍር ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ብሎን እስኪገኝ ነው አለ። እኛ ቤት እስኪገኝ የተባለ ነገር እንደዚያው ይኖር ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አባቴ በየገጠሩ እየዞረ ቆዳ ይሰበስብ ጀመር፤ ከፍ ወዳለው ወደ ገሳይ ወጥቶ ይገዛና የሰበሰበውን ጭኖ በቁልቁለቱ ወደ ወረታ ነጋዴዎች ይወርድ ነበር። ጥቅምት ላይ መስታወቱ ውስጥ ዘይቱ ዝቅ ብሎ አየና በይርጋ ላይ ጮኸ። «ዘይቱን ማን ጠጣው?» ይርጋ ሸራዎቹ እየሳሱ ሲሄዱ ዘይቱ እነሱን ተከትሎ እንደሚወርድ፣ እንዳልፈሰሰም ሊያስረዳው ሞከረ። «አስተማሪዬ» አለ አባቴ፣ ለእኔ እንዲሰማኝ አድርጎ፣ «ደመወዝህን ከወዴት ነው የምትበላው?» ከልጁ መማር እንደ ውርደት ይቆጥረው ነበር። ያም ሆኖ በሚቀጥለው መስከረም እኔ ትምህርት ቤት እንድገባ ተስማምቶ ነበር፤ ይርጋ እሱን ካገዘው እኔ እተርፋለሁ በሚል ነው።

ጥር መጣ። እናቴ ሞተሯን እንደ አውሬ ትፈራት ነበር፣ አባቴ ሲዘገይ ደጅ ወጥታ ጆሮዋን ወደ መንገዱ ጥላ ትቆም ነበር። በጥምቀት ማግስት ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣችና በሩን፣ ላሟን፣ እኔን ረጭታ ስታበቃ ወደ ሞተሯ ሄደች። ጠፍሩን ፈታች፣ ክዳኑንና ስሱን ጎማ አነሳች፣ በስመ አብ ብላ ከጠርሙሱ እያንቆረቆረች ቋቷን እስከ አፏ ሞላቻት። «ላዩን ማንም ይረጨዋል» አለችኝ፣ «የሚያቆማቸው ግን ይህ ነው ብሏል ወንድምህ።» ከዚያ ክዳኑን መልሳ፣ ከይርጋ አስተሳሰር በማይለይ አስተሳሰር አሰረችው።

አባቴ በማግስቱ መስታወቱን አየና ይርጋን ጠርቶ፣ «እንዲህ ነው፤ ሳልነግርህ ሞላኸው» አለው። ከእሱ አፍ ለይርጋ ምስጋና ሲወጣ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይርጋ ግራ ተጋብቶ መስታወቱን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ያልሠራበትን ምስጋና አልመለሰም ብሎ ማን ይፈርድበታል?

ከፋሲካ በኋላ ቆዳ እንደ ጉድ ይጎርፋል። አባቴ እስከ ትከሻው የሚደርስ ጭነት ከኋላው አስሮ ወደ ወረታ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ መሀል ላይ፣ ሲጨብጥ ሲጨብጥ የመጣው እጀታ ድንገት ባዶ ሆነ። «እንደ ቅቤ እጄ ውስጥ ገባ» ይል ነበር ኋላ። ገደል አፋፍ ላይ ካለ ድንጋይ ጋር ተላትሞ ቀረ፤ ሐኪም ቤት አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ይርጋ ሞተሯን በማግስቱ በአይሱዙ አስጭኖ አመጣት። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ እያየ እጀታውን ጨበጠ፤ ጠነከረ። ተገፋች፤ አልሄደችም። አያ ፈንቴም ተራቸው ደርሶ ጨበጡና፣ «ፍሬኗስ ደህና ናት። ፍሬን ያጣው ጉሮሮው ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። የፋሲካ ሰሞን ስለነበር አባቴ ጠላ ጠጥቶ እንደነበር ማንም አይጠራጠርም።

ወሬው አባቴ ጆሮ ደረሰ። ከሐኪም ቤት ወጥቶ መደብ ላይ በተኛ ጊዜ ይርጋ እንደ ደግ ሰው ሊያስረዳው ቀረበ።

«አባባ፣ ፍሬኑ ይይዛል። ምን እንደሆነ አልገባኝም እንጂ አሁን ይይዛል። እስቲ ይንኩት።»

«ሰካራም ነህ በለኛ።»

«አላልኩም።»

«ከአንተ ሌላ እጁን የከተተባት የለም። ጥር ላይ ሳላዝህ ሞላህ፣ እኔ ስወድቅ ደግሞ ሰው ሳያይ አበጀሃት።»

እናቴ ውኃ እያቀረበች ነበር። «ኧረ ልጁን ተወው» አለች፣ «ጥር ላይ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ በጠበል። ያ ባይኖርበት ዛሬ ሬሳህ ነበር የሚመጣው።» አባቴ አማተበ። አሜን አለ። ከዚያ ወደ ይርጋ ዞሮ፣ ጠበሉ ያዳነው ከማን እጅ እንደሆነ ጠየቀው። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ የይርጋን ፊት አይቻለሁ፤ እናቴን ዞር ብሎ አያት፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። የደነገጠው በስድቡ መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ሳያልቅ ይርጋ ወደ ሁመራ ሄደ። አባቴ በሩ ላይ በምርኩዝ ቆሞ እንዳይመለስ ረገመው። መስከረም ሲመጣ የሠፈሩ ልጆች ደብተር ያዙ፣ እኔ አህያ ላይ ቆዳ ጫንኩ።

አባቴ ሳይታረቀው ሞተ፤ እናቴም እያደር በይርጋ ላይ የእሱን ቃል አመነች። እኔ የቆዳው ንግድ ሲሞት ወረታ አንድ ጋራዥ ገባሁ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ጠፍቶበት፣ ጠዋት ሲነሳ ተመልሶ እንዳገኘው እየማለ ተናገረ፤ እኛ ሳቅን። አለቃዬ ግን ክዳኑን ከፍቶ ስሱ ጎማ መቀደዱን አሳየንና፣ «ዝናብ ገብቶበታል» አለ። «ውኃና የፍሬን ዘይት ይዋሃዳሉ፣ ዓይን አይለየውም። ቁልቁለት ላይ ሲግል ውኃው ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ ምንም አይገፋም። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውኃ ነው፤ ፍሬኑ ይይዛል።»

ካቻቢቴውን አስቀምጬ ወጣሁና ይርጋ ጋ ደወልኩ። እንደ ትልቅ ምሥራች ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እሷ ከአፏ ስታወጣው ጠረጠርኩ። ሁመራ ትራክተር ቤት ስሠራ አረጋገጥኩ።»

«ለምን አልተናገርክም ታዲያ?»

«ለማን? እኔን ካባረረኝ እሷን ምን ሊያደርጋት ነበር?» አለና ቀጥሎ፣ «አንተም እንዳትነግራት» አለ።

በደግነቱ ተናደድኩ፣ አሁንም አልበረደልኝም። የዚያ ደግነት ዋጋ የተከፈለው በእኔ ትምህርት ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም። ለማንም ፊት ለፊት የምናገር ሰው ነኝ፣ በዚህም ብዙ ጠላት አፍርቻለሁ፤ ይህን አንድ ነገር ግን ዋጥኩት።

ያኔ ክዳኑ በጠፍር ይታሰር ነበር፤ ዛሬ የእኔ ሞተር ክዳን ሁለት ብሎን አለው፣ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ሁለቱንም በካቻቢቴ እፈትሻለሁ። ያኔ እውነቱን ይዞ ዝም ያለው ይርጋ ነበር፤ ዛሬ እኔ ነኝ። እናቴ አርጅታለች፣ በምርኩዝ ነው የምትመጣው፣ ጠርሙሷን ግን አልጣለችም። ዘንድሮም መሪውን፣ መቀመጫውን፣ ክዳኑን ከላይ ከላይ ረጭታ ስታበቃ እጇን ክዳኑ ላይ አሳርፋ፣ «ይህች እንኳ የዚያ ልጅ እጅ አልነካትም፤ አልሰጋም» አለችኝ።

«እሺ፣ እማዬ» አልኳት፣ ክዳኑንም በጨርቅ ጠረግሁት።