ስምንት ወይስ አሥራ ስድስት

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ ኮምፒውተሬን ፈትቶ ሲያጸዳ፣ ላግዘው ብዬ እጄን ሰደድኩና ጣቴን ግራጫ ቅባት ነካኝ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ነው፤ ቶሎ አይለቅም። ሳሙና ይዤ ሳሸው ልጅ ሳለን የኖርንበት፣ ጋሉስ ሰፈር የነበረው ክፍላችን መጣብኝ፤ የጋለ አቧራ ሽታ፣ በመስኮቱ ሥር የሚያልፈው ትራም፣ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ተከፍቶ የተቀመጠ ኮምፒውተር። ከጠየቅሽኝ አይቀር ልንገርሽ።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ኮምፒውተሩ የሁለታችን ነበር። እሱ የአኒሜሽን ፊልም ይሠራበታል፤ ማታ ማታ ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጠን መኪና እንሽቀዳደምበታለን። እኔ አሸንፋለሁ፣ እሱ ሰበብ ይደረድራል። እናታችን ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ በጽዳት ትሠራ ነበር፤ ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ እዚያው ታገኘናለች። አሮጌው ፕሮሰሰር ሲደክም አዲስ ይገዛ ተባለ፤ አንድ ብቻ። ጠቡ እዚህ ላይ ተነሣ።

እኔ የፈለግሁት ለጌም የሚመረጠውን ነበር፤ ስምንት ኮር ብቻ ነው ያለው፣ ግን ፈጣን ነው። እሱ አሥራ ስድስት ኮር ያለውን ፈለገ፤ ጌም ላይ ትንሽ ይጎተታል፣ ሬንደር ላይ ግን አሥራ ስድስት ሠራተኛ ባንድ ጊዜ እንደ ማሰማራት ነው። ሬንደር የሚሉት ኮምፒውተሩ የተሠራውን ሥዕል አንድ በአንድ አብስሎ ፊልም የሚያደርግበትን ሥራ ነው። ወንድሜ ፊልሙን ሃምቡርግ ላለ ትምህርት ቤት ሊልክ ነበር። እኔ ስለ ፍጥነት ተከራከርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዳይሄድብኝ ነበር የፈለግሁት።

እናታችን ሰለቻትና ለሽማግሌ ሰጠችን። ሮደልሃይም ሰፈር ለአምልኮ በምንከራየው አዳራሽ፣ ከእሁድ አምልኮ በኋላ ወንበር ሲታጠፍ፣ የጉባኤያችን ሽማግሌ ፊታቸው አስቀመጡን። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት የመዝሙር ግጥም ግድግዳው ላይ ማሳየት ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ስንኝ እየዘለሉ። ሥራ ይቅደም ማለታቸው አይቀርም ብዬ መሸነፌን አምኜ ነበር የተቀመጥኩት። እሳቸው ግን የአባታቸውን መሬት ከወንድማቸው ጋር እንዴት እንደተካፈሉ አወሩንና ፈረዱ።

«ታላቅ ያካፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል» አሉ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረው፣ «የሁለቱንም ደግና ክፉ ሳታዳላ ንገራት። እሷ የመረጠችው ይሁን።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ይዞ ወጥ ቤት መጣ። ውጭው ደመና ነበር፣ መብራት አላበራንም። ሊያዳላ ይችል ነበር፤ እኔ ብሆን አደርገው ነበር። እንዲያውም ለእኔ የሚሟገት ነበር የሚመስለው፤ ጌሜ በስምንቱ ምን ያህል እንደሚያምር፣ በአሥራ ስድስቱ የት የት ላይ እንደሚንቀረፈፍ በጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። በመጨረሻ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «በስምንቱ ማፔዬ አራት ቀን ይዘገያል» አለ። ማፔ የሚለው ለመግቢያ የሚላከውን ሥራ ነው። ከዘገየ አይቀበሉትም፤ ካልተቀበሉት ደግሞ እዚሁ ከእኛ ጋር ነው።

አሥራ ስድስቱን አልኩ። ቸርነት አልነበረም። ቀርቶ ዕድሜ ልኩን ቂም ይዞብኝ ከሚኖር ይሂድ ብዬ ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አላመሰገነኝም፤ ሻይ ግን አፈላልኝ።

ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳያርፍ ጮኸ። ክፍሉ ስለሞቀ ማሞቂያውን ዘጋን፤ እናታችን የታጠበ ካልሲ ከጀርባው ማድረቅ ጀመረች። ፊልሙ በቀኑ ሄደ፤ ከወራት በኋላ እሱም ሄደ። ዛሬ ሃምቡርግ ውስጥ ሥራም ሚስትም አለው። በየበዓሉ እንደዋወላለን፣ ደህና ነን።

የሄደ ቀን እናታችን ተረኛ ስለነበረች ባቡር ጣቢያ የሸኘሁት እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ሻንጣውን አስገብቶ ተመለሰና በሩ ላይ ቆመ።

«ስምንቱን ብትመርጪ ኖሮ እቀር ነበር እኮ» አለኝ። «አልቀየምሽም ነበር።»

አውቃለሁ አልኩት። አላውቅም ነበር።