ፀጉሩ ያልረገፈለት ፈረስ

ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። ሰበታ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ኮሌጅ ውስጥ የእንስሳት ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። አባቴ ሱሉልታ ናቸው፤ ብቻቸውን። ደውዬ «እጅዎስ?» ስላቸው «ደህና ነው» ይሉኛል፤ እኔ ግን አላምናቸውም።

እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። አንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን የሚሠሩት ሴሎች እያለቁ ነው። ኪኒናቸውን ከወሰዱ ማንኪያ ይይዛሉ፤ ካልወሰዱ ሸሚዛቸውን መቆለፍ ያቅታቸዋል። ኪኒኑ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። አንዴ ሰበታ፣ አንዴ ቡራዩ እያልኩ የምለቅመው እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ያረጀው ፈረሳቸው ታመመ። በጋው ገብቶም ፀጉሩ አልረገፈም፤ እንደ በግ ተንጨፍርሮ ያልበዋል፣ ውሃ አይጠግብም። ጎረቤቶች «ከስቷል፣ ገብስ ጨምሩለት» አሉ። አባቴ ከራሳቸው ጎተራ ጨመሩለት። ጭራሽ ሰኮናው ውስጥ ውስጡን አቃጥሎት መርገጥ አቃተው።

ሄጄ ሳየው የማስተምረው ነገር ፊቴ ቆሟል። «ከአንጎል ሥር ትንሽ እጢ አለች» አልኳቸው። «የመሃለኛውን ክፍሏን አንጎል በዶፓሚን ‹በቃ፣ አትልቀቅ› እያለ ይይዘዋል። ሰው ላይ ይህ ክፍል አለ ለማለትም ያስቸግራል፤ ፈረስ ላይ ግን ትልቅ ነው። ፈረሱ ሲያረጅ ዶፓሚኑን የሚያመጡት ነርቮች ይደክማሉ። ከልካይ ያጣው ክፍልም እያበጠ ሆርሞኑን ዝም ብሎ ያፈሰዋል። ፀጉሩም፣ ላቡም፣ ሰኮናውም ከዚያ ነው። ገብሱን ያቁሙ፤ መድኃኒት እፈልግለታለሁ።»

«የኔው በሽታ ነዋ» አሉ።

ታክሲ ሊያመልጠኝ ነበርና «የቅርብ ዘመድ ነው» ብያቸው ሮጥኩ።

የፈረሱን መድኃኒት ፈልጌ አጣሁ። በዚህ መሃል የአባቴ እጅ ባሰበት። ስልኩን እንኳ ጆሯቸው ላይ ማቆየት ተሳናቸው። ኪኒኑ የተበላሸ ነው ብዬ ከፋርማሲዋ ልጅ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ሌላ ቦታ ገዝቼ ላክሁ፤ ያው ነው። መማሪያ ክፍል ቆሜ የማወራውን ሁሉ መስማት አቃተኝ። አንድ ጠዋት ሳልደውል ሄድኩባቸው።

በረት ውስጥ ነበሩ። አንዱን እጃቸውን በሌላኛው አፍነው ይዘው፣ ቁራሽ ዳቦ ውስጥ ኪኒን ሊከቱ ይታገላሉ። ፈረሱ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። «አካም ቡልተን» ብዬ እንዴት አደሩ ማለቱም ጠፋኝ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ግማሹን ነው» አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። «ግማሹን እኔ እውጣለሁ።»

ደሜ ፈላ። ይህን የሚያህል እንስሳ ላይ የእሳቸው ኪኒን ጠብ እንደማይል፣ ለፈረስ የሚሰጠውም ሌላ መሆኑን፣ እሳቸውን ደግሞ የኪኒኑ መጉደል አልጋ ላይ እንደሚጥላቸው ለፈለፍኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እኔ ብወድቅ አንቺ ታነሺኛለሽ» አሉ። «እሱ ከወደቀ የሚያነሳው ጅብ ነው።»

ኪኒኗን ከመዳፋቸው ወስጄ አፋቸው ውስጥ ከተትኩ፤ ውሃ አስጎነጨኋቸው። እንደ ሕፃን እሺ ብለው ዋጡልኝ። አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና፣

«የእሱስ?» አሉኝ።