ጣት ሲቀዘቅዝ

አዛውንቱ ኮታቸውን ታመው በተኙት ሚስታቸው ላይ ደርበው፣ እሳቸው በሸሚዝ ብቻ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። የሸሚዙ ቁልፎች ተዛንፈዋል፤ መቆለፉ ወትሮ የሚስታቸው ሥራ እንደነበር ያስታውቃል።

የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ ጠዋት የኦክስጅን መለኪያውን ሴትዮዋ ጣት ላይ ስትሰካ፣ «አባባ፣ ጣት ሲቀዘቅዝ ማሽኑ አያነብም፤ ያሙቁላቸው» ብላቸው ነበር። እሳቸውም ይህችን ቃል እንደ አደራ ያዟት። ጣቱን በትንፋሻቸው ያሞቁና ቁጥሩ ብቅ ሲል፣ «አየሽ ልጄ፣ ትንፋሼን ታውቀዋለች» ይሏታል።

አሁን ሐኪሙ የሴትዮዋን ልብ ደጋግሞ አዳመጠ፤ ማረፋቸውን በለሆሳስ ነግሯቸው ወጣ። ነርሷ መለኪያውን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ፣

«ቆዪ ልጄ፣ ቀዝቅዛ ነው» አሉና ጣቱን ያሹት ጀመር። ማሽኑ ግን ምንም አላሳየም።

«እንግዲያው ማሽኑ ይሆናል የታመመው።»

ነርሷ ይህን ተስፋ ማን እንደሰጣቸው ታውቃለችና የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። አዛውንቱ መለኪያውን አውልቀው በራሳቸው ጣት ላይ ሰኩት። ቁጥሩ ወዲያው መጣ። አፍጥጠው ብዙ አዩት።

«ለካ ደህና ነው» አሉ ቀስ ብለው። መለኪያውን ለነርሷ መለሱና፣ የሚስታቸውን እጅ እንዳይበርዳት ከኮቱ ሥር አስገቡት።