የጥጃው ጡት

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። የልጅ ልጆቼ ናቸው፤ ሰበታ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ። እኔም ዘንድሮ እነሱ ዘንድ ነኝ፣ አምና ቡራዩ ነበርኩ፤ እንዲህ ከአንዱ ልጄ ወደ ሌላው እያልኩ ነው። ትላንት ጠዋት ትልቋ ወተት ቀድታ ሰጠችኝ፤ መለስኩላት።

«እምዬ፣ ጾሙ ተፈቷል እኮ! ለምንድነው የማትጠጪው?»

በጾሙ አይደለም። ፊደል የለየሁት ከልጆቼ ደብተር ላይ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። በአፌ ከምነግራቸው ግን ይሄ ይቀለኛል።

ያኔ ሱሉልታ ነበርኩ። አንዲት ቀይ ላም ነበረችኝ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። በኛ ቤት ላም ስትታለብ ሦስቱ ጡት የኛ፣ አራተኛው የጥጃው ነው። አማቴ ናቸው ያስተማሩኝ። አልበው ሲጨርሱ ያቺን ጡት መታ መታ ያደርጓትና «ና፣ ድርሻህን ውሰድ» ብለው ጥጃውን ይለቁታል። እሳቸው ካረፉም በኋላ ይህን ሳላጎድል ኖሬያለሁ።

ያን ዓመት በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ነገር አገሩ ታመሰ። መንገድ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። እኔ ግርግሩን ፈርቼ ከበረቴና ከወተት ተቀባዩ ሱቅ ሌላ የትም አልሄድም ነበር። ተቀባዩ ወተታችንን ሰብስቦ አዲስ አበባ የሚልክ፣ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። አንድ ማለዳ ጣሳዬን ሲቀበለኝ ፊቱ ጠቁሯል።

«እማማ፣ ከወዲያ ከገጠር የሚመጣው ቀረ። ከተማ ውስጥ ስንት ሕፃን ወተት ይጠብቃል። እባክዎ ለጥቂት ቀን ትንሽ ይጨምሩልኝ።»

ሕፃን ሲለኝ አንጀቴ አልቻለም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ከመንደሩ ሴት ሁሉ መርጦ እኔን የለመነ መስሎኝ ደስ አለኝ። ማታውኑ አራተኛውንም ጡት አለብኩ።

ጥጃው ገና ወር አልሞላውም። በአጥሚት እደግፈዋለሁ ብዬ ነበር፤ አጥሚቱ ግን ሆዱን አዛባው፣ ያስቀምጠው ጀመር። ኦቦ የምላቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉና፣

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ! ይሄ ጥጃሽ እንደ ሱሉልታ ሯጭ ቀጠነ እኮ። መቼ ነው ለውድድር የምትልኪው?» አሉኝ።

«እርስዎ ደግሞ! የገጠሩ መንገድ እስኪከፈት ነው፣ ሁለት ቀን ቢሆን ነው።»

ሳቃቸውን ተዉት። «ልጄ፣ እሱ መንገድ መዘጋቱን አያውቅም።»

ጣሳዬን ይዤ ስወጣ ላሟ ከኋላዬ ጥጃዋን ትጣራለች።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት በረት ስገባ ጥጃው ተጋድሟል። የታሰረበት ገመድ እስከ መጨረሻው ወደ እናቱ በኩል ተወጥሯል። ያቺን ጡት መዳፌ ላይ ጨምቄ አፉ ውስጥ አፈሰስኩለት። በከንፈሩ ጥግ ተመልሶ ወረደ።

የሚብሰውንም ልጻፈው። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተት አትለቅም። ስለዚህ ቆዳውን ጭድ ሞልቼ፣ ጨው አሽቼ አጠገቧ አቆምኩት። እሷ እያሸተተች ትልሰዋለች፣ እኔ ከስር አልባለሁ። ያንንም ለሕፃናቱ ብዬ ለተቀባዩ ወሰድኩለት። ሰውዬው ጣሳውን ሲቀበለኝ ዓይኔን አያይም ነበር። ለጥጃዬ ያዘነልኝ መስሎኝ መረቅኩት።

ከስንት ዓመት በኋላ ከተቀባዩ ጋር ለቅሶ ቤት ተገናኘን። አጠገቤ ተቀምጦ፣ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። እኔን በለመነ በማግስቱ በእንጦጦ ወደ ከተማ የሚወስደውም መንገድ ተዘግቶ ነበር። ነገ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እያለ፣ አያምጡ ለማለትም አፍሮ፣ እኔ ያመጣሁለትን ሁሉ ከሱቁ ጀርባ ቦይ ውስጥ ይደፋው ነበር።